በአንድ ስም ሦስት ሰው፦ የድሬዳዋው የ99ኛ ደረጃ ውድድር

የካቲት 18 ቀን 2015 ዓ.ም. ቅዳሜ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ፣ ስድስት ጓደኛሞች በሚጻጻፉበት የቴሌግራም ቡድን ውስጥ አንድ ምስል ገባ። በስልክ በሚጫወቱት ጨዋታ ውስጥ ያለው ሰውዬ ከአኻያ ዛፍ ሥር መጥረቢያውን ይዞ ቆሟል፤ ከራሱ በላይ ርችት ይፈነዳል። ዛፍ ቆረጣ፣ 99ኛ ደረጃ። ምስሉን የላከው ልጅ «ዕጣው ወጣ» ብሎ ጽፎበታል። አራቱ እንኳን ደስ ያለህ አሉት። ባለባጃጁ ግን ቆየት ብሎ አንድ መስመር ብቻ መለሰ፦ «የቆረጠው የማን እጅ ነው?»

እኔ ከዚራ ውስጥ ስልክና ኮምፒውተር እጠግናለሁ። ጨዋታውን ከስድስቱ በፊት አውቀዋለሁ፤ ኢንተርኔት ካፌ ገብተን በሰዓት እየከፈልን፣ አንድ ገጽ እስኪከፈት ሻይ ጠጥተን በምንመለስበት ዘመን ተጫውቼዋለሁ። ጠቡ ሲነሣ ከሦስቱ ሽማግሌዎች አንዱ እንድሆን የተጠራሁትም በዚህ ምክንያት ነው። ያየሁትን፣ የሰማሁትንና የፈረድነውን የምጽፈው በሁሉም ፈቃድ ነው። ስማቸውን እንዳልጠራ ጠይቀውኛል፤ እኔም አልጠራም።

ጨዋታው ኦልድ ስኩል ሩንስኬፕ ይባላል። ሩንስኬፕ ጃጌክስ በተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ሥር ያለና እ.ኤ.አ. በ2001 ለሕዝብ የቀረበ ጨዋታ ነው። «ኦልድ ስኩል» የተባለው፣ የቀድሞውን መልክ የያዘው ቅርንጫፍ በ2013 ተከፈተ፤ በ2018 ደግሞ ወደ ስልክ መጣ። ተጫዋቹ ዛፍ ይቆርጣል፣ ዓሣ ያጠምዳል፣ ማዕድን ይቆፍራል፣ ይዋጋል፤ በእያንዳንዱ ሙያ ከ1ኛ እስከ 99ኛ ደረጃ ይወጣል። 99ኛ ለመድረስ 13,034,431 የልምድ ነጥብ ያስፈልጋል። ገና የጀመረ ሰው የማያውቀው ነገር ግን አለ። 92ኛ ደረጃ ላይ የደረሰ ሰው የሰበሰበው 6,517,253 ነጥብ ነው። የቀሩት ሰባት ደረጃዎች ጥቂት ይመስላሉ፤ በነጥብ ሲቆጠሩ ግን ሰውዬው ገና መንገዱን ማጋመሱ ነው።

አንድ የአኻያ ግንድ 67.5 ነጥብ ያስገኛል። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአኻያ ብቻ ቢሠራ ከ193 ሺህ ግንድ በላይ መቁረጥ ግድ ነው ማለት ነው። ከረጢቱ የሚይዘው 28 ዕቃ ብቻ ስለሆነ ወደ 6,900 ጊዜ ሞልቶ መገልበጥ አለበት። ልጆቹ ይህን ሥራ «ለቀማ» ይሉታል፣ ከቡና ለቀማ ወስደው። ቃሉን ወድጄዋለሁ። ቡና ለቃሚም እንዲሁ አንዷን ፍሬ ካንዷ ሳይለይ ቅርጫቱ እስኪሞላ ጎንበስ ብሎ ይውላል፤ ቅርጫቱ ሲመዘን ግን በስሙ ይመዘገብለታል።

ለምን ይህን ጨዋታ መረጡ ለሚል፣ ምክንያቱ ቀላል ነው። በአሮጌ ስልክ ይሠራል፤ ዳታ ብዙ አይበላም፤ ሳይከፈልበት የሚጫወቱት ክፍል አለው። በነሐሴ 2014 ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በአገሪቱ ውስጥ አገልግሎቱን ለመጀመሪያ ጊዜ የሞከረው እዚሁ ድሬዳዋ ስለነበር፣ በዚያ ዓመት ሁለት ሲም ካርድ ያልያዘ ወጣት በሰፈራችን አልነበረም ብል ማጋነን አይሆንም። በእኩለ ቀን ፀሐይ ሱቁ ሁሉ በሩን መልሶ ሲያርፍ፣ ጥላ ሥር ተጋድሞ ስልክ የማይነካካ ወጣትም አልነበረም።

ውድድሩ የተጠነሰሰው ከጥምቀት በኋላ ነው። ስድስቱም 1,000 ብር አዋጡ፤ 99ኛ ደረጃ በዛፍ ቆረጣ ቀድሞ የደረሰ 6,000 ብሩን ይወስዳል። ገንዘቡ ለሰፈራችን የዕቁብ ዳኛ ተሰጠ። እኚህ አባት የምድር ባቡር ጡረተኛ ናቸው፤ ጨዋታውን አያውቁትም፣ ነገር ግን በእጃቸው የገባ የሰው ገንዘብ ጎድሎ አያውቅም። የተስማሙት በቡና ላይ በቃል ነው፤ ሦስት ነገር ተነጋገሩ። ሁሉም በአዲስ አካውንት ከ1ኛ ደረጃ ይጀምራል። በራሱ የሚጫወት ፕሮግራም መጠቀም የለም። ነጥብ በገንዘብ መግዛት የለም። ጥር 15 ቀን ሰኞ ተጀመረ።

አካውንት ስለ መጋራት የተናገረ ሰው አልነበረም። ለእኔ የጉዳዩ ቁስል ያለው እዚህ ላይ ነው። አምስቱ ዝም ያሉት ነገሩ ሳይነገር የታወቀ ስለመሰላቸው ነው። ስድስተኛው ዝም ያለው፣ እሱም እንደ ነገረን፣ ያልተከለከለ ስለመሰለው ነው።

ስድስተኛው፣ ያንን ምስል የላከው ልጅ፣ የ24 ዓመት ወጣት ሲሆን በዘመዱ የልብስ ሱቅ ይሠራል። የ17 ዓመት ታናሽ ወንድም አለው፤ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነው። ሐረር ጀጎል ውስጥ ደግሞ የአክስቱ ልጅ አለ። የይለፍ ቃሉን ለሁለቱም ሰጣቸው። ጨዋታው ተጫዋቹን በየ6 ሰዓቱ ያስወጣዋል፤ ተመልሶ መግባት ይቻላል፣ ግን አንዴ ያስወጣል። እነርሱ ይህችን ቅጽበት የፈረቃ ደወል አደረጓት። ታናሽየው ከሌሊቱ 5 ሰዓት እስከ ንጋቱ 11፣ የሐረሩ ልጅ በቀን፣ ታላቅየው ከሥራ መልስ። ድሬዳዋ ፈረቃ የለመደች ከተማ ናት። ባቡሩ ከጅቡቲ ተነሥቶ እዚህ ከደረሰበት ከ1895 ዓ.ም. ጀምሮ በፈረቃ የኖረች ከተማ ስለሆነች ሐሳቡ ለልጆቹ እንግዳ አልነበረም።

የካቲት 5 ቀን እሑድ ሳቢያን ውስጥ ለቅሶ ነበር። ታላቅየውና ባለባጃጁ ድንኳኑ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ካርታ የሚጫወቱት ይጫወታሉ፣ ቡና ይዞራል። ባለባጃጁ ስልኩን አውጥቶ ጨዋታውን ከፈተ። እሱ ቀኑን ሙሉ የሚያገኘው ትርፍ ጊዜ ለገሃር ላይ ተሳፋሪ ሲጠብቅ ያለችው አሥርና አሥራ አምስት ደቂቃ ናት፤ እሷን ነው የሚለቅመው። የጓደኞች ዝርዝር ውስጥ የታላቅየው ስም በርቷል። በጨዋታው አሠራር ከሌለ ስሙ ላይ ቀይ ይታያል፤ ካለ ደግሞ የትኛው «ዓለም» ውስጥ፣ ማለትም ጨዋታው ከተከፋፈለባቸው ሰርቨሮች በየትኛው፣ እንዳለ ቁጥሩ ይጻፋል። ቁጥሩ ተጽፏል።

ባለባጃጁ ቀና ብሎ አየው። ሰውዬው እጁን ጉልበቱ ላይ አጣምሮ ተቀምጧል፤ ስልኩ ኪሱ ውስጥ ነው።

ወደዚያ ዓለም ተሻግሮ ከባንኩ አጠገብ ወዳሉት አኻያዎች ሄደ። የጓደኛው ሰውዬ እዚያ ቆሞ ይቆርጣል። በላቲን ፊደል «እንዴት ነህ» ብሎ ጻፈለት። መልስ ለመምጣት ጥቂት ቆየ፦ «ደህና። ሱቅ ነኝ።»

ባለባጃጁ ይህን ሲነግረን ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ስለ ገንዘቡ እንዳልሆነ አምነዋለሁ። «አጠገቤ ተቀምጦ፣ ቡና ከአንድ ረከቦት እየጠጣን፣ ሱቅ ነኝ አለኝ» አለ። ድንኳን ውስጥ ጠብ ማንሣት ነውር ስለሆነ ዝም አለ። ሣልስቱ ካለፈ በኋላም ዝም አለ፤ «ምናልባት አንድ ቀን ብቻ ይሆናል» ብሎ። እዚህ ላይ አልስማማውም፤ ፊት ለፊትም ነግሬዋለሁ። አሥራ ሦስት ቀን ዝም በማለቱ አንድ የ17 ዓመት ልጅ አሥራ ሦስት ሌሊት ጨምሮ አልተኛም። ይሉኝታ ሁልጊዜ የሚያስከፍለው ባለቤቱን አይደለም።

ሽምግልናው የካቲት 26 ቀን እሑድ ከሰዓት በኋላ በዕቁብ ዳኛው ግቢ፣ ከኒም ዛፉ ጥላ ሥር ሆነ። ሦስተኛዋ ሽማግሌ ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው።

ታላቅየው አልካደም፤ ይህን ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። መከላከያውም ቀላል አልነበረም። «ፕሮግራም አልተጠቀምንም፣ እያንዳንዱ ግንድ በሰው ጣት የተቆረጠ ነው። ገንዘብ አልከፈልንም። ደንብ አልጣስንም» አለ። ቀጥሎ ያለው ደግሞ ግቢውን ሁሉ ዝም አሰኘ፦ «እኛ ቤት የአንድ ሰው የሚባል ነገር የለም። ከአንድ ትሪ ነው የምንበላው። እንጀራውን ማን ገዛው፣ ወጡን ማን ሠራው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ወንድሜ ሸክም ሲያግዘኝ ሌባ ተብዬ አላውቅም። ዛሬ ለምን?»

ባለባጃጁ መለሰ፦ «ሁላችንም እኩል ያለን ነገር ቢኖር ቀኑ 24 ሰዓት መሆኑ ነው። አንተ የሦስት ሰው ቀን ይዘህ መጣህ።»

ከዚህ በኋላ ክርክሩ ሌላ መንገድ ያዘ። ከተወዳዳሪዎቹ አንዱ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ታላቅየው ወደ እሱ እየጠቆመ ባለባጃጁን ጠየቀው፦ «እሱ በነጻ ዋይፋይ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ይለቅማል፤ አንተ ከንጋት እስከ ምሽት መሪ ላይ ነህ። ይህስ ፍትሕ ነው?» ባለባጃጁ መልስ አጣ። እውነት ነውና። ልምድ በሰዓት በሚቆጠርበት ጨዋታ ሥራ የሌለው ሰው ሥራ ያለውን ይቀድማል። የጨዋታ ሠሪዎች ራሳቸው ይህን ችግር በቅጡ አልፈቱትም። ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት የተባለው ሌላ ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ2004 ከመውጣቱ በፊት፣ ገና በሙከራ ላይ ሳለ፣ ሠሪዎቹ ለረጅም ሰዓት የሚጫወት ሰው የሚያገኘውን ልምድ በግማሽ እንዲቀንስ አድርገውት ነበር። ተጫዋቾች ተቆጡ። ሠሪዎቹም ስሌቱን እንዳለ ትተው ስሙን ገለበጡት፦ የተቀነሰው «መደበኛ» ተባለ፣ የመጀመሪያው ሙሉ መጠን ደግሞ ዐርፎ ለተመለሰ ሰው የሚሰጥ «ዕጥፍ» ሆነ። ቁጣው በረደ።

እኔ ግን የጊዜ አለመመጣጠንና የአካውንት መጋራት አንድ ዓይነት በደል ናቸው የሚለውን አልቀበልም፤ በዚያም ቀን ይህንኑ ተናገርኩ። ተማሪው ከሰዓት በኋላው ባዶ መሆኑን ባለባጃጁ ብሩን ሲያዋጣ ያውቃል። አውቆ ገባ። ሦስት ሰው እንደሚገጥመው ግን አያውቅም ነበር። ባለባጃጁ የሸሸገ ሰው ባይገጥመው ኖሮ ተሸንፎም ቢሆን እጅ ጨብጦ ይሄድ ነበር።

የዕቁብ ዳኛው እስከዚያ ድረስ አንድም ቃል አልተነፈሱም። ከዚያ ታላቅየውን «ልጄ፣ ትሪው ላይ ስም ተጽፎበታል?» አሉት።

«ኧረ የለም አባባ።»

«ይህ ጨዋታ ላይስ?»

እኔ አስረዳኋቸው። የተጫዋቾች የደረጃ ሰንጠረዥ አለ፤ በእያንዳንዱ ሙያ ማን ስንተኛ እንደሆነ፣ ስንት ነጥብ እንዳለው በስሙ ይወጣል፤ በየትም አገር ያለ ሰው ያየዋል። እርሳቸውም ስለ ምድር ባቡር ነገሩን። ሠራተኛ ሲታመም ወይም ለቅሶ ሲደርስበት ጓደኛው ፈረቃውን ይሸፍንለት ነበር፤ ይህ ደግ ሥራ ነው፣ ማንም አይከለክልም። መዝገቡ ላይ የሚጻፈው ግን በዚያ ሌሊት የመጣው ሰው ስም ነው። «የሐዲዱ ነገር ነዋ» አሉ፣ «አንድ ነገር ቢሆን ማን ነበር ተብሎ ይጠየቃል። ደመወዙም ለመጣው ነው።» ከዚያ ከበሩ አጠገብ ድንጋይ ላይ ወደተቀመጠው ታናሽየው ዞሩ። «አንተስ፣ ስንት ሌሊት ነው የሠራኸው?»

ልጁ ከጃኬቱ ውስጥ የተጣጠፈ ደብተር አወጣ። ጀርባው ላይ የፊዚክስ ማስታወሻ አለ። ከፊቱ በእርሳስ የተሰመረ ሠንጠረዥ፦ ቀን፣ ሰዓት፣ ነጥብ፣ የማን ፈረቃ። ወንድሙ «ስናሸንፍ ድርሻህን አስብልሃለሁ» ብሎት ስለነበር የሦስቱንም ሰዓት መዝግቧል። መምህርቷ መነጽራቸውን አድርገው ደመሩት። ታላቅየው 140 ሰዓት። የሐረሩ ልጅ 107። ታናሽየው 187። በጠቅላላ 434 ሰዓት፣ በ34 ቀን።

በሰዓት በአማካይ 30 ሺህ ነጥብ ገደማ ይወጣል፤ ከ13 ሚሊዮኑም ጋር ይገጥማል። ስሙ ከሰንጠረዡ ላይ ያለው ሰው ከሥራው አንድ ሦስተኛ ያህል እንኳ በቅጡ አልሠራም። በብዛት የሠራው ልጅ ደግሞ ስሙ የትም የለም። አካውንቱ የተከፈተበት ኢሜይል የወንድሙ ነው፤ ነገ ቢጣሉ የይለፍ ቃሉ ይቀየራል፣ 187ቱ ሰዓት ከልጁ ደብተርና ትዝታ በቀር መረጃ አይኖረውም። እኔ ወደዚያ ግቢ የሄድኩት ስለ አምስቱ ተወዳዳሪዎች ላስብ ነበር። ደብተሩን ካየሁ በኋላ ግን ከሁሉ በላይ የተበደለው ድንጋዩ ላይ የተቀመጠው ልጅ እንደሆነ ገባኝ። የልምድ ነጥብ ምስክርነት ነው። ይህ ሰው ይህን ያህል ሰዓት እዚህ ቆሟል ይላል። አካውንት ሲጋሩት ምስክርነቱ ሐሰት ይሆናል፤ ሐሰቱ የሚጎዳው የተቀደመውን ብቻ አይደለም፣ የቆመውን ሰው ራሱን ይሰርዘዋል።

በፈረቃ መጫወት ሌላም ቦታ ታይቷል። በዚያው በወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2006 መጨረሻ የነበረው የማዕረግ ሥርዓት በየሳምንቱ ተጫዋቹን ከሌሎች ጋር እያነጻጸረ ከፍ ዝቅ ያደርግ ስለነበር፣ ወደ 14ኛው፣ ወደ መጨረሻው ማዕረግ ለመድረስ አንዱን አካውንት ለብዙ ሰው እየሰጡ ቀንና ሌሊት ማጫወት የታወቀ ዘዴ ሆኖ ነበር። ደቡብ ኮሪያ ደግሞ ነገሩን እስከ ወንጀል ሕግ አድርሳዋለች፤ እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2019 ጀምሮ በሌላው ሰው አካውንት ገብቶ በክፍያ ደረጃ ማሳደግን ሥራው ያደረገ ሰው እስከ 2 ዓመት እስራት ወይም እስከ 20 ሚሊዮን ዎን መቀጮ ይጠብቀዋል። የሩንስኬፕም ደንብ አካውንት ማጋራትን ይከለክላል። ይህን ለሽማግሌዎቹ ነግሬያለሁ፤ ነገር ግን ፍርዳችንን በእሱ ላይ አላቆምንም፤ ምክንያቱም ከስድስቱ አንዱም ደንቡን አንብቦ አልገባም። የኩባንያው ደንብ በኩባንያውና በተጫዋቹ መካከል ነው፤ የቡናው ስምምነት በእነርሱ መካከል።

ጨዋታው ውስጥ ሦስቱ የፈለጉትን በሐቅ የሚያገኙበት መንገድም ነበር። ከጥቅምት 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ2 እስከ 5 የሚሆኑ ሰዎች እያንዳንዳቸው በየራሳቸው አካውንት ሆነው በቡድን የሚጫወቱበት፣ ዕቃ የሚጋሩበትና በቡድኑ ስም ሰንጠረዥ ላይ የሚወጡበት ስልት አለ። አብሮ መሥራትን የሚያስነውር የለም። «ቡድን ሆነን እንግባ» ብሎ ቢጠይቅ ኖሮ አምስቱ ምናልባት እንቢ ይሉት ነበር፤ ምናልባትም እነርሱም ወንድሞቻቸውን ያመጡ ነበር።

ፍርዱ እንዲህ ሆነ። ውድድሩ ፈረሰ። አምስቱ እያንዳንዳቸው 1,000 ብራቸውን መልሰው ወሰዱ። የታላቅየው 1,000 ብር ለሁለቱ ረዳቶች በሰዓታቸው ልክ ተከፈለ፦ ለታናሽየው 636፣ ለሐረሩ ልጅ 364። ታላቅየው አምስቱን፣ በተለይም ባለባጃጁን ይቅርታ ጠየቀ፤ ተቀበሉት። መምህርቷ ሌላ ነገር ጨመሩ፦ ልጁ የትምህርት ዓመቱ እስኪያልቅ ከሌሊቱ 4 ሰዓት በኋላ ስልክ እንዳይነካ። ክፍል ውስጥ ይተኛ እንደነበር ቀድመው ጠይቀው ደርሰውበታል።

በአንዱ ነጥብ ከሁለቱ ሽማግሌዎች ተለይቻለሁ። እኔ ውድድሩ መፍረስ የለበትም፣ በቀሩት አምስት መካከል መቀጠል አለበት ባይ ነበርኩ። አራቱ ተስፋ ቆርጠው ሊያቆሙ ይችሉ ይሆናል፤ ባለባጃጁ ግን በዚያን ቀን 71ኛ ደረጃ ላይ ነበር፣ ያንን ሁሉ የለቀመው በተሳፋሪና በተሳፋሪ መካከል ነው። አንድ ሰው ስላጠፋ የእሱ ድካም ያለ ፍጻሜ መቅረቱ እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል። ዳኛው «ገንዘብ ያለበት ነገር አንዴ ከተጠረጠረ እንደ ገና አይጠራም» አሉ። ዕቁብ ለረጅም ዘመን ሲዳኙ ስለኖሩ አልተከራከርኳቸውም፤ ሐሳቤን ግን አልቀየርኩም።

ታላቅየው 99ኛ ደረጃ ያለውን አካውንት አሁንም ይዞታል፤ ገብቶበት ግን አያውቅም ይላሉ። ባለባጃጁ ያለ ሽልማት ቀጥሏል። ታናሽየው ክረምቱ ሲገባ ወደ ሱቄ መጥቶ በራሱ ስም አዲስ አካውንት ከፈተ፤ ኢሜይሉም የራሱ ነው። ባለፈው ሳምንት 60ኛ ደረጃ ገባ፣ 273,742 ነጥብ። «ስንት ቀረኝ?» ብሎ ጠየቀኝ። በካልኩሌተር ቀንሼ ነገርኩት። ያንኑ ደብተር አውጥቶ፣ የሦስቱን ፈረቃ ገጾች ገልጦ አለፈና በአዲስ ገጽ ላይ ጻፈው፦ 12,760,689።